ብርቄስ የት ትቀመጣለች?

ጥያቄ

ውድ አማካሪያችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ጉዳዬ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ነው። እኔ ሰንጋ ተራ ባለ አንድ ባንክ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለው። የ9 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የባለቤቴ የእህቱ ልጅ ከመንዝ መጥታ እኛ ጋ መኖር ጀመረች። 14 ዓመቷ ነው፤ ስሟን ቀይሬ ብርቄ ልበላት። 7ኛ ክፍል ትማራለች። ከትምህርት ስትመለስ በቤት ሥራ ታግዘኛለች። እውነቱን ለመናገር ከማገዝም በላይ ነው፤ ልጆቼን ከትምህርት ቤት የምታመጣውም፣ ማታ ዕቃ የምታጥበውም እሷ ናት።

ልጆቼን በግማሽ ዓመቱ ጥሩ ውጤት ካመጣችሁ ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ እንወስዳችኋለን ብለናቸው ነበር፤ አመጡ። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ልንሄድ ቀን ቆርጠናል። መኪናችን ቪትዝ ናት፤ ባለቤቴ፣ እኔ፣ ሁለቱ ልጆችና አማቴ ስንገባ ትሞላለች። ገንዘቡንም ያጠራቀምነው ለአምስታችን ነው። ባለቤቴ «ብርቄ ቤት ትጠብቅ፣ ሌላ ጊዜ እንወስዳታለን፤ ደግሞ እንዲህ ካስለመድናት ነገ ሌላ ነው የምትጠይቀው» አለ። አማቴ፣ ልጅቱ የልጅ ልጃቸው ሆና ሳለ፣ «በአደራ የተሰጠች ሴት ልጅ እርቃኗን ሕዝብ መሀል ውሃ ገባች ሲባል አባቷ ቢሰማ ምን ይለናል?» አሉ። እኔ ደግሞ መላ ያመጣሁ መስሎኝ «እንግዲያው ትምጣና ውሃ ሳትገባ ዕቃ ትጠብቅልን፤ ትንሿንም ትያዝልን፤ እኛም ትንሽ እንዝናና» አልኩ።

እሑድ ለልጄ ከመርካቶ የዋና ልብስ ገዛሁላት። ብርቄ አጥባው በረንዳ ላይ ስታሰጣ ጨርቁን በጣቶቿ ሳብ ለቀቅ እያደረገች «እትዬ፣ ይኼ ውሃ ሲገባበት አይከብድም?» አለችኝ። ወንዱ ልጄ በዚያው ሰዓት አጠገባችን ቁጭ ብሎ የመኪናውን ወንበር በጣቱ ሲቆጥር ነበር። ቆጥሮ ሲጨርስ «ብርቄስ የት ትቀመጣለች?» አለ። ምን እንደምመልስለት ሳስብ ራሷ ቀደመችኝ። «እኔ ድሮም ውሃ እፈራለሁ» አለችና ቅርጫቱን ይዛ ገባች።

እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም። ልውሰዳት ወይስ ትቅር? ብወስዳትስ ባለቤቴንና አማቴን እንዴት ላግባባ?

ግራ የተጋባሁ እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ውድ እህቴ፣ ጉዳይሽ ትንሽ አይደለም። የጠየቅሽኝ ስለ መኪና ወንበር፣ ስለ ገንዘብና ስለ ቤተሰብ ስምምነት ነው፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ግን ልቤ በረንዳው ላይ እየቀረ አስቸግሮኛልና ከዚያ ልጀምር።

«ድሮም ውሃ እፈራለሁ» ያለችው እውነቷን ሊሆን ይችላል። መንዝ ያደገ ልጅ ውሃን የሚያውቀው በጀርባ በተሸከመው ጄሪካን፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከብትና ሰው በሚወስድ ወንዝ ነው። የሞፈር ውሃን ወይም የጀማን ሙላት በዓይኑ ያየ ልጅ ውሃ ሲባል ጨዋታ ትዝ አይለውም። ይህ ሊከበር የሚገባው ፍርሃት ነው። ነገር ግን ዘመድ ቤት የሚያድግ ልጅ ሳይከለከል በፊት «አልፈልግም» ማለትንም ቶሎ ይማራል። የቤቱን ሰው ፊት ያነባል። ወንበር እንደሌለው ልጅሽ ከመቁጠሩ በፊት ቆጥሮ ጨርሷል። ብርቄ ጭንቀትሽን አይታ አንቺን ለማሳረፍ ብላ ተናግራው ቢሆንስ? ሁለቱም በአንድ ላይ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰው ውሃ እየፈራም አብሮ መሄድ ሊያምረው ይችላል። የዋናውን ልብስ ሳብ ለቀቅ አድርጋ «ውሃ ሲገባበት አይከብድም?» ብላ የጠየቀች ልጅ፣ ፈርታም ይሁን ጓጉታ፣ ስለዚያ ቀን እያሰበች እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።

ስለዚህ ከመገመት መጠየቅ ይሻላል። አጠያየቁ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ዕቃ እያጠበች «መሄድ ትፈልጊያለሽ እንዴ?» ብትያት አንቺን ደስ ይላታል ብላ ያሰበችውን ነው የምትመልስልሽ። አያቷና አጎቷ ባሉበትም አይሆንም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለታችሁ ብቻ ቁጭ ብላችሁ፣ ቢቻል ሻይ እየጠጣችሁ፣ እንዲህ በያት፦ «ቅዳሜ ለአንቺም ቦታ አለ። ውሃ ውስጥ መግባት ግዴታ አይደለም፤ እግርሽን ብቻ ነክረሽ መቀመጥም ይቻላል። መቅረት ብትመርጪም አልቀየምሽም፤ ቤት ለመጠበቅ ብለሽ ግን አትቀሪም። እስከ ነገ አስቢበት።» እዚያው እንድትመልስልሽ አትጠብቂ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ይህን የምትያት ከባለቤትሽ ጋር ተነጋግራችሁ ቦታዋን ካዘጋጃችሁ በኋላ ነው። ጠይቀሻት «እሺ» ካለችሽ በኋላ ተመልሶ አይሆንም ማለት ጭራሽ ካለመጠየቅ ይከፋል።

«ዕቃ ትጠብቅልን» የሚለውን ሐሳብ በቅን ልብ እንዳመጣሽው ይገባኛል። ሁሉንም የሚያስታርቅ መስሎሻል። እኔ ግን ከቀረቡት አማራጮች ሁሉ በጣም የምፈራው ይህንኑ ነው፤ ቤት ከመቅረቷ ይበልጥ። ቀኑን እስቲ በዓይነ ኅሊናሽ ተመልከቺው። ብርቄ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ፊቷ ያለው የእናንተ ጫማ፣ የባለቤትሽ ስልክና ቁልፍ፣ ያንቺ ቦርሳና እርጥብ ፎጣ ነው። ልጆችሽ ከመንሸራተቻው አናት ላይ ሆነው «ብርቄ፣ እዪኝ! እዪኝ!» ይሏታል፤ እጇን ታወዛውዝላቸዋለች። የእሷ እኩዮች ከነውሃቸው እየሳቁ በአጠገቧ ሲያልፉ ቀኑን ሙሉ ስታይ ትውላለች። ቤት ብትቀር ይህን ሁሉ አታይም ነበር። ልጆችሽም ያያሉ። የ9 ዓመቱ ልጅሽ እስካሁን ወንበር የሚቆጥረው እሷን ጨምሮ ነው፤ ከዚያ ቅዳሜ በኋላም እንዲሁ እንዲቆጥር እመኝለታለሁ። የዕቃው ነገር ቀላል ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ሎከር ስላላቸው ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። ወርቅሽን ቤት ተይው፤ ለቤተሰቡ አንድ ስልክ ይበቃል፤ የቀረውን አንቺና ባለቤትሽ እየተፈራረቃችሁ ትጠብቁታላችሁ።

ከዚህም በላይ ያስጨነቀኝ «ትንሿንም ትያዝልን» ያልሽው ነው። ዋና የማትችል፣ ምናልባትም ውሃ የምትፈራ የ14 ዓመት ልጅ፣ ውሃ ዳር የ6 ዓመት ሕፃን መጠበቅ አትችልም። አንድ ነገር ቢፈጠር ተከትላት ትገባለች፤ ያን ጊዜ አደጋው የሁለት ልጆች ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በፈረንጆቹ 2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ወደ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ብዙዎቻችን የሚሰጥም ልጅ ይጮሃል፣ እጁን እያወናጨፈ ይጣራል ብለን እናስባለን። እውነታው ሌላ ነው፤ ትንፋሽ ለመውሰድ የሚታገል ልጅ ለጩኸት የሚተርፍ አየር የለውም። ድምፅ ሳያሰማ፣ ሰው መሀል፣ ቁመቱ በማይደርስ ብቻ ሳይሆን በሚደርስ ውሃም፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ ትንሿ ውሃ ውስጥ ባለችበት ሰዓት ሁሉ አንቺ ወይም አባቷ እጃችሁን ብትዘረጉ የምትነኳት ቦታ ላይ መሆን አለባችሁ፤ ስልክ ሳትይዙ። ስትለዋወጡ «አሁን ያንተ ተራ ነው» ብለሽ በቃል አስረክቢው፤ ክፉ ነገር የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ሌላው የሚያይ ሲመስለው ነው። ክንድ ላይ የሚጠለቀው በአየር የሚነፋ ላስቲክ መጫወቻ እንጂ ሕይወት አድን አይደለም፤ አትታመኑበት። ማዕበል በሚሠራው ገንዳ ውስጥ ደግሞ ሰው ስለሚበዛ ትንሽ ልጅ ከዓይን ትሰወራለች፤ እዚያ ከእጃችሁ አትውጣ። የነፍስ አድን ሠራተኞች መኖራቸው ጥሩ ነው፤ እነሱ ግን የሚያዩት ገንዳውን በሙሉ ነው፤ አንቺ የምታዪው አንድ ልጅ ነው። ብርቄም ከመጣች ከእናንተ ጋር የምትጠበቅ ልጅ ሆና ነው መምጣት ያለባት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «ካስለመድናት ነገ ሌላ ትጠይቃለች» ማለቱን ሰምቼ ክፉ ሰው ነው አላልኩም። የኑሮው ውድነት ትከሻው ላይ ያለ፣ የስድስት ሰው ጉሮሮ የሚያስብ አባት ፍርሃት ይመስለኛል። ደግሞም ልጅቱን አስጠግቶ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ይህን መልካምነቱን ሳታነሺ ወደ ወቀሳ ከገባሽ ጆሮውን ይዘጋብሻል። «ብርቄን በማስተማርህ እኮራብሃለሁ» ብለሽ ብትጀምሪ ውሸት አይሆንም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ብርቄን ስንቀበላት ለእህትህ ምን ብለሃት ነበር?» ጠይቀሽው ዝም በይ። «እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» ብሎ ከሆነ፣ እንዲህ ብሎ የሚቀበለውም ብዙ ነው፣ የቀረውን ራሱ ያስበዋል። ስለ ራስሽም ስሜት አትደብቂው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲከሰት ወሬው የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ብርቄ ብትቀር መንዝ ላይ «አጎቷ ጥሏት ሄደ» አይባልም፤ «የአጎቷ ሚስት» ነው የሚባለው። ይህ ፍርሃት ውስጥሽ ካለ ንገሪው፤ የእሱ እህት ልጅ ናትና ሸክሙን አብሮሽ ይሸከም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ከ18 ዓመት በታች ያለን ሁሉ ሕፃን ይለዋል፤ አንቀጽ 31 ላይ ደግሞ እረፍትና ጨዋታ የእያንዳንዱ ሕፃን መብት ነው ይላል። ይህን የጻፍኩልሽ ጭንቀትሽ ከመሬት ተነስቶ እንዳልመጣ እንድታውቂው ነው፤ ባልሽን በአንቀጽ አትሞግቺው።

ገንዘቡንና ወንበሩን ወረቀት አውጥታችሁ አብራችሁ ሥሩት። ፓርኩ ጋ ደውለሽ የቅዳሜና የሥራ ቀን ዋጋ ልዩነት እንዳለው፣ ለልጆች የሚከፈለው በዕድሜ ይሁን በቁመት፣ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። ምግብ ከከለከሉ ቁርሱን ጠንከር አድርጋችሁ ቤት ብሉና ዋናውን ምሳ ስትወጡ ቢሾፍቱ ከተማ ውስጥ በልኩ ብሉ፤ ወጪውን በእጅጉ ያቀልላችኋል። ስድስት ሆናችሁ ቪትዟ ውስጥ መጠቅጠቅን ግን ፈጽሞ አታስቡት። የተሠራችው ለአምስት ሰው ነው፤ ትንሿን ጭን ላይ አድርጎ ፈጣኑ መንገድ ላይ መውጣት ከውሃው የማይተናነስ አደጋ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ባለቤትሽ እናቱንና ትንሿን ይዞ በመኪና ቢሄድ፣ አንቺ ብርቄንና ወንዱን ልጅሽን ይዘሽ ከቃሊቲ መናኸሪያ በሚኒባስ ብትሄጂ ምን ችግር አለው? ለ9 ዓመት ልጅ የሚኒባሱ ጉዞ ራሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ወይም ደግሞ አማትሽን ጠይቂያቸው። በእርግጥ መሄድ ይፈልጋሉ ወይስ «እማማን ትቶ መሄድ ነውር ነው» ብላችሁ ነው የቆጠራችኋቸው? ምናልባት ቅዳሜን ቤተ ክርስቲያን ስመው ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥተው መዋል ይመርጡ ይሆናል። እሳቸው ከመረጡ ብቻ ነው፤ ብርቄን ለማስገባት እሳቸውን ማስወጣት እንዳይመስልባችሁ።

ሒሳቡ ጨርሶ አልገጥም ካለ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንዱ ደመወዝ እስኪወጣ ማዘግየት ነው፤ ልጆቹ ያኮርፋሉ፣ ግን «ብርቄም እንድትመጣ ብለን ነው» ሲባሉ የሚገባቸው ይመስለኛል። ሌላው እዚሁ ከተማ ውስጥ ከሚገኙት የሆቴል መዋኛዎች አንዱን መምረጥ ነው። ጊዮን ሆቴል መዋኛ ዋና ተምሮ ያደገው የአዲስ አበባ ልጅ ስንት ነው! መንሸራተቻው ባይኖርም፣ ታክሲው ቅርብ፣ ወጪውም ቀለል ያለ ይሆንላችኋል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ማዘግየቱን እመርጣለሁ፤ ለልጆቹ ቃል የተገባላቸው ያ ፓርክ ነውና።

የአማትሽን ቃል ስሰማ ንቆ ማለፍ አላስቻለኝም። «አባቷ ቢሰማ ምን ይለናል?» ያሉት ልጅቱን ስለሚወዷት ነው። መፍትሔውም እዚያው ጥያቄያቸው ውስጥ አለ፤ አባቷን መጠየቅ ይቻላል። ባለቤትሽ ለእህቱና ለባሏ ደውሎ «ልጆቹን ውሃ ወዳለበት መዝናኛ ልንወስድ ነው፣ ብርቄም አብራን ትሄዳለች፤ ምን ትላላችሁ?» ይበላቸው። ወላጆቿ ናቸው፤ ሊጠየቁ ይገባል። አያቷንም ልብሱን በመምረጥ አማክሪያቸው። እጅጌውና ቁምጣው ረጅም የሆነ፣ ለዋና ተብሎ የተሠራ ልብስ መርካቶም ቦንዳ ተራም ቢፈለግ አይጠፋም። ጥጥ ቲሸርት ግን አይሆንም፤ ብርቄ እንደገመተችው ውሃ ሲገባበት ይከብዳል፣ ብዙ መዋኛዎችም አይፈቅዱትም። አማትሽ ይህን ሁሉ የዘመን አመጣሽ ነገር አድርገው ካዩት አጫውቺያቸው። ይህች ከተማ ራሷ የእንጦጦ ብርድ ያስመረራቸው እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ሲታጠቡ፣ ቦታው ተወድዶ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተባለች ናት። ከቤታችሁ ቁልቁል በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። ዘመድ አዝማድ ይዞ ውሃ መውረድ እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም።

ብርቄ 14 ዓመቷ ስለሆነ ሌላም ለብቻዋ የምትጠይቂያት ነገር አለ። ያ ቀን የወር አበባዋ ቢሆን ለመናገር እንዳታፍር ቀድመሽ መንገዱን ክፈቺላት። «ካልተመቸሽ ውሃ መግባት የለብሽም፣ ለማንም ምክንያት አትሰጪም» በያት፤ ሌላው ሰው «ለምን አትገቢም?» ብሎ እንዳያፋጥጣት አንቺ ሽፋን ሁኛት። ፎቶውንም አስቢበት። የቤተሰብ ፎቶ ስትነሱ እሷም መሀል ትግባ፤ ነገር ግን በዋና ልብስ ያለችበትን ሳታስፈቅጂያት ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ አትለጥፉ። አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ ያየዋልና ውጤቱን የምትሸከመው እሷ ናት።

ለቀኑ ጥቂት ነገር ልጨምር። ማልዳችሁ፣ 1 ሰዓት ላይ ብትነሱ ጥሩ ነው፤ ሕዝቡ ሳይበዛ ትደርሳላችሁ። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐዩ ይለበልባል። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ልጆቹን ጥላ ሥር አሳርፊያቸው፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን ከውሃ በወጡ ቁጥር መልሰሽ ቀቢያቸው፤ ብርቄንም። ለትልልቆቹ መንሸራተቻዎች የቁመት ገደብ ስለሚኖር ትንሿ በር ላይ ስትመለስ እንዳታለቅስ ከቤት ሳትወጡ ንገሪያት። በሳምንቱ ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለ ገንዳ ውስጥ አይግባ። ብርቄ መግባት ከፈለገች ጥልቀት ከሌለው ጀምራችሁ አንቺ ራስሽ እጇን ያዢያት። ማንም እንዳይጎትታት፣ ማንም እንዳይረጫት፤ ወንዱ ልጅሽ በፍቅር ብሎ ሊያደርገው ስለሚችል አስቀድመሽ ምከሪው። ፎጣና ሳህን የመሰብሰቡን ሥራ ደግሞ ከቤት ስትወጡ ተከፋፈሉት፤ ሁሉም የየራሱን ይያዝ። ካልተከፋፈላችሁ ብርቄ ልማዷ ነውና ተነስታ ትሰበስባለች፤ እናንተም ልማዳችሁ ነውና አታስተውሉትም።

አስባበት መጥታ «አልሄድም» ብትልሽስ? እመኛት። ደጋግመሽ አትለምኛት፤ ልመናሽ ራሱ ሌላ ትእዛዝ ይሆንባታል። ኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ አለው፣ ጎረቤት አለ፤ ቤቱ አንድ ቀን ሰው ባይኖርበት ምንም አይሆንም። ለእሷ ልታወጡ ያሰባችሁትን ገንዘብ በእጇ ስጧትና ቀኑን እንደፈለገች ታሳልፈው፤ ጓደኛዋ ጋ ትሂድ፣ ወዳጅነት ፓርክ ትንሸራሸር፣ ወይም ተኝታ ትዋል። ስትመለሱ የሚታጠብ ዕቃና የሚወቀጥ ሽሮ እንዳይጠብቃት ግን ከመሄዳችሁ በፊት ጨራርሱት።

አንድ ሁለት ጥያቄ ደግሞ በቀስታ ልጠይቅሽ፤ ለእኔ መመለስ የለብሽም። እቤታችሁ ማታ መጨረሻ የሚተኛው ማን ነው? ብርቄ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ስንት ሰዓት ላይ ነው? እናቷን በስልክ ስታናግር ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ አላት? ደብዳቤሽ ላይ «ከማገዝም በላይ ነው» ብለሽ ሳትጠየቂ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ። ነገሩን ማየት ጀምረሻልና አይዞሽ፤ ሁሉንም በአንድ ሳምንት አስተካክይ አልልሽም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣቱን በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ባለቤትሽ ቢወስደው፣ ማታ ዕቃ ማጠቡን ደግሞ በተራ ብታደርጉት ለብርቄ የጥናት ሰዓት ይወጣላታል። ከቅዳሜው ይልቅ ይኼ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚጠቅማት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩ፤ በማግስቱ ለፓርኩም ለመንዝም ይደወል፤ ከዚያ ብርቄን ጠይቂ። ባለቤትሽ በመጀመሪያው ምሽት አልስማማም ቢል አትደንግጪ፤ አሳድረሽ እንደገና አንሺው። ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ያዢልኝ። ልጆቹን «ብርቄ ውሃ ስለምትፈራ ነው የቀረችው» ብላችሁ አታታሏቸው፤ ቦታ እንዳጣችሁላት በግልጽ ንገሯቸው። «ሌላ ጊዜ እንወስዳታለን» የተባለውም የትና መቼ እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ይቆረጥ፤ ብርቄም ቀኑን ከአጎቷ አፍ ትስማው። የደረሳችሁበትን ጻፊልኝ፤ በተለይ እሷ ምን እንዳለች።